ከቆርቆሮው በፊት ወለሉ

በወላይታ ዞን ከሶዶ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ቶሎ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ለውጥ ጣሪያ ነው። በእንሰቱና በባሕር ዛፉ መካከል የሣር ክዳን ቤት እየቀነሰ፣ ቆርቆሮ እየበዛ መጥቷል። አንድ አባወራ በሬ አደልቦ ሸጦ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ወይም አዲስ አበባ ያለ ልጁ በላከለት ገንዘብ ቤቱን ላሻሽል ሲል አስቀድሞ የሚያስበው ቆርቆሮ ነው። ቢያስብም አይፈረድበትም። ቆርቆሮ ከዝናብ ያስጥላል፣ በየጊዜው ሣር ከመፈለግ ያሳርፋል፣ ከሩቅ ታይቶም ያስከብራል። ቀጥሎ በርና መስኮቱ፣ ከዚያም የግድግዳው ልስን ይመጣል። ወለሉ ግን በብዙ ቤት እንደነበረው ቀይ አፈር ሆኖ ይቀራል። ሕፃን የሚድኸው፣ ልጆች በባዶ እግር የሚሯሯጡት፣ ብዙ ጊዜም ሰሌን ወይም ጅባ አንጥፈው የሚተኙት እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ቦታ ወለል የምቾት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በወላይታ የጤናም የገንዘብም ጉዳይ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው።

የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ለእርሻ መልካም ነው፤ ለባዶ እግር ግን አይደለም። ዓመት ከዓመት በባዶ እግር ሲረገጥ በውስጡ ያሉት ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ይገቡና የእግርን የሊምፍ ቧንቧ ያስቆጣሉ። ቧንቧው እየጠበበ ሲሄድ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በወባማ ቆላ ከሚታየውና በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። ምንጩ አፈር መሆኑን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አጥንቶ ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ከሕዝቡ 5.46 በመቶው በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል። ከ100 ሰው ከ5 በላይ ማለት ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበት ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። በአገር ደረጃ ሕሙማኑ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ፣ ለበሽታው በሚያጋልጥ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብም ወደ 35 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል።

የገንዘቡን ነገር የተመለከተው ጥናት በተለይ ለቤተሰብ ራሶች ሊነበብላቸው የሚገባ ነው። ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ በወላይታ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ካሉት የሥራ ቀናት 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልተዋል። በሽታው ዞኑን በዓመት የሚያስከፍለው ዋጋ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጥ ነበር። ይህን ወደ አንድ ቤት አምጥቶ ማየት ይቻላል። እግሩ ያበጠ ገበሬ በየጊዜው ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይነሣበታል፤ ተነሥቶ መቆም እስኪያቅተው ለቀናት ይተኛል። ሕመሙ የእርሻ ወይም የአረም ሰሞን ላይ ከወደቀ የዓመቱ እህል ተነካ። ከዚያ በሬ ይሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህን ሁሉ ያመጣው ክፉ ዕጣ አይደለም፤ በልጅነት ያልተደረገ ጫማና ያልታጠበ እግር ነው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከሕመምተኛ ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጁን ማግባት ማንንም አያሳምምም። በቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ መታየቱ ግን እውነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ በጥናት ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ምርምርም አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ይበልጥ ስሱ የሚሆነው በተፈጥሮው፣ በዘር በወረሰው ምክንያት መሆኑን አረጋግጧል። የሚወረሰው ስሱነቱ ነው፤ አፈሩ ካልነካው በሽታው አይመጣም። ስለዚህ አያት ወይም አጎት በዚህ የታመመበት ቤት ነገሩን መደበቅ የለበትም። ያ ቤት ለልጆቹ ጫማ በመግዛት ከጎረቤት ሁሉ መቅደም አለበት።

ስለ ጫማ ሲነሳ ወላጆች የሚሉት ይታወቃል፤ “አለው እኮ!” እውነት ነው፣ ብዙ ልጅ ጫማ አለው። ጥያቄው መቼ ያደርገዋል ነው። በወላይታ ገጠር በተደረገ ጥናት ጫማ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለክብር ቀን እንደሚቀመጥ፣ በእርሻ ሥራ ጊዜ ግን አይመችም ተብሎ እንደሚወልቅ ታይቷል። አፈሩ በብዛት እግር የሚያገኘው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። እናት “ጫማህ እንዳያልቅ አውልቅ” ስትል ለልጇ በማሰብ ነው፤ ነገር ግን እያዳነች ያለችው ጫማውን እንጂ እግሩን አይደለም። የተሻለው ልማድ አዲስ ጫማ ሲገዛ አሮጌውን አለመጣል፣ ጠጋግኖ የጓሮና የከብት ጥበቃ ጫማ ማድረግ ነው። ለትንሽ ልጅ ሲገዛ ተረከዙና ጣቱ የሚሸፈንለት ይመረጥ። ሸበጥ ከባዶ እግር ቢሻልም አቧራውንና ጭቃውን አያግድም። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ያልባል፣ አፈርም ውስጡ ይቀራል፤ እሱም ማታ ከእግር ጋር ይታጠብ።

የማታው እጥበት ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ሳፋ፣ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ፣ ቁራጭ ሳሙና። ልጁ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩ ከጉልበት በታች ይታጠባል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ጭቃ በእጅ እየታሸ ይወጣል፤ ተረከዙ ላይ ስንጥቅ ካለ ቀስ ተብሎ ይጸዳል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ፣ በተለይ በጣቶቹ መካከል በደንብ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ካለ ትንሽ ይቀባል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ። ወላጅ ሙጀሌ መኖሩን የሚያውቀውም በዚህ ጊዜ ነው። ትልቁ ልጅ “ጣቶቼ መሀል ያሳክከኛል፣ መርገጫዬን ያቃጥለኛል” ካለ፣ ወይም ማታ ያበጠው እግሩ ጠዋት ጎድሎ ከተገኘ፣ ያ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ በሚመጣበት ቤት ይህን መጠየቅ ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ለሦስት ልጅ አንድ ጀሪካን አይፈጅም፤ እጣቢውም ለጓሮ እንሰት ይሆናል። ሸክሙ ግን እናት ጀርባ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ልጆቹን ማታ ማታ ማጠብ የአባት ሥራ ቢሆን ምንም ነውር የለውም።

አሁን ወደ ወለሉ።

በሜክሲኮ ኮዋዊላ ግዛት በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ፒሶ ፊርሜ የተባለ ፕሮግራም ነበር። መንግሥት ለደሃ ቤተሰቦች እስከ 50 ካሬ ሜትር ለሚደርስ ወለል የሚበቃ ሲሚንቶ ሰጠ። ተመራማሪዎች በኋላ ሲለኩት የአፈር ወለሉ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ በተተካበት ቤት የልጆች የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ተሕዋሲያን በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ ደም ማነስ በ81 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ልጆቹ በቋንቋና በአእምሮ እድገት መለኪያ ከፍ አሉ፤ የእናቶቹ ጭንቀትም ቀለለ። አንድ ወለል ይህን ሁሉ አደረገ። የአንጀት ትላትል ለወላይታም እንግዳ አይደለም፤ ገሺያሮ የተባለው ፕሮጀክት በዞኑ ለትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ሳይሆን ለመላው ማኅበረሰብ መድኃኒት ሲሰጥና የንጽሕና ሥራ ሲያስፋፋ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወጪውን ሒሳብ አድርጎ ማየት ይሻላል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ቤት 20 ካሬ ሜትር ወለል አለው። ከሥሩ ድንጋይ ተደልድሎ፣ ጠጠር ተነጥፎ በደንብ ከተጠቀጠቀ፣ ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ለማልበስ 0.8 ሜትር ኩብ ድብልቅ ይበቃል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ቢደረግ ሲሚንቶው ወደ 3 ኩንታል ይሆናል። ድንጋዩን መልቀምና መጠቅጠቁን ቤተሰቡ ከጎረቤት ጋር ይሠራዋል። ሲሚንቶ እርጥበት ይጠጣና ስለሚደርቅ ክረምት ላይ ገዝቶ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ሥራው ከጥቅምት በኋላ፣ በበጋ ቢሆን ይመረጣል። ሊሾው ከፈሰሰ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ መጠጣት አለበት፤ ይህ ከተረሳ ይሰነጠቃል፣ ገንዘቡም ያልቃል።

ሁሉም በአንዴ የማይቻል ከሆነ ልጆች የሚተኙበትና የሚጫወቱበት ክፍል ይቅደም። በሩዋንዳ ኧርዝኤኔብል የተባለ ድርጅት ከጠጠር፣ ከአሸዋና ከሸክላ አፈር የተጠቀጠቀ፣ ከላይ በሚደርቅ የአትክልት ዘይት የታሸገ ወለል እየሠራ ነው፤ ዋጋው ከሲሚንቶ በብዙ ይቀንሳል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን በአካባቢው አፈር ቢሞክሩት ትልቅ ውለታ ነው። ከብቶች ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከወለሉ በፊት በረቱ ወደ ውጭ ይውጣ፤ አለዚያ ሊሾውም አይጸዳም። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በእርግጥ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ነገር ግን ሣር ክዳኑ ደህና ሆኖ ሳለ ለመታየት ሲባል ወደ ቆርቆሮ መሮጥ፣ ልጆቹን አፈር ላይ ትቶ መሆን የለበትም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ወላይታ ቁጠባን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታና ለመስቀል የሚደረገው ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ ነው። አባወራዎች ተሰባስበው ለበሬው ያዋጣሉ፣ እናቶች ለቅቤው ያጠራቅማሉ፣ ወጣቶች ማገዶ ያከማቻሉ። የባንክ ቅርንጫፍ በሌለበት ቀበሌ እንኳ ይህ ቁጠባ ይሠራል። የሚሠራውም ዓላማው አንድ ስለሆነ፣ ቀኑ ስለታወቀ፣ ገንዘቡም በጎረቤት ዓይን ፊት ስለሚቀመጥ ነው። ማንም ሰው የቅርጫውን ገንዘብ በመሃል አውጥቼ ልጠቀምበት አይልም።

ይኸው ቡድን በሚያዋጣው በእያንዳንዱ 10 ብር ላይ 1 ብር ቢጨምርና ለብቻው ቢያስቀምጠው በዓሉ አይጎድልም። በተጠራቀመው በዕጣ ለአንድ አባል ወለል የሚሆን ሲሚንቶ ይገዛል፣ ቀጥሎ ለሌላው። ጥሬ ገንዘብ በእጅ ከሚሰጥ ቡድኑ ራሱ ለሱቁ ቢከፍል ይሻላል፤ ገንዘብ ቤት ከገባ በኋላ ሌላ ችግር ይቀድመዋልና። የልጆች ጫማም ከዚሁ ሊወጣ ይችላል። ትምህርት ቤትና በዓል መስከረም ላይ ስለሚገናኙ ደብተሩም ዩኒፎርሙም ሥጋውም በአንድ ወር ይጠየቃል፤ ጫማውን ነሐሴ ላይ ቀድሞ መግዛት ያንን ጭንቀት ያቃልላል።

ቀድሞ የታመመም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ዶክተር ናታን ባርሎ ሶዶ ላይ የመሠረተው ሞሲ ፉት የተባለ ድርጅት በዞኑ ውስጥ ለብዙ ሕሙማን እጥበቱን፣ ቅባቱንና ልክ የሆነ ጫማ ሲያደርስ ኖሯል። ጫማውን ከሚሰፉት መካከል ራሳቸው ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በሳሙና መታጠብን፣ ቅባትን፣ ካልሲንና ጫማን ያካተተ እንክብካቤ የሚያስተኛውን ሕመም ከአምስት አንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ለጊፋታ ከአዲስ አበባ፣ ከሀዋሳና ከሌላም ከተማ ወደ ወላይታ የምትመለሱ ልጆች ሁሉ፣ ዘንድሮ ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ደውሉ። የታናናሾቻችሁን እግር ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዞረው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። በዚያ ልክ የተሸፈነ ጫማ ይዛችሁ ግቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ለጓሮ።