የላኪ ስም

በልጅነቴ ከጨሞጋ ውኃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሽማግሌዎች ስሜን አይጠይቁኝም ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» ነው የሚሉኝ። የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ። ካወቁት ራሴን ዳበስ አድርገው ያልፋሉ፤ ካላወቁት «እሱስ የማን ልጅ ነው?» ብለው ወደ አያቴ ይወጣሉ። አያቴ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይፈታል። «አሃ! የእነሱ ናታ!» ይሉና እንስራዬን ጀርባዬ ላይ አስተካክለው ይሸኙኛል። የእኔ ስም የሚጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ ይቀራል።

እናቴ ደግሞ ስሟ ሁለት ነበር። አንዱ አባቷ ያወጡላት ነው። ሌላውን በሠርጓ ሰሞን አማቷ፣ ማለት ሴት አያቴ፣ አወጡላት። በእኛ አገር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይጠብቃታል፤ ዓለሚቱ፣ ብርቄ፣ የኛነሽ ትባላለች። አያቴ ሙሽሪትን አገላብጠው ስመው «የኛነሽ» አሏት። እሷም በተራዋ የባሏን ወንድሞችና እኅቶች በስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነባት ለእያንዳንዳቸው የአክብሮት ስም አወጣችላቸው። አንዱ አጎቴ እናቴ ባወጣችለት ስም ሲጠራ ኖሮ፣ የክርስትና ስሙን እኛ ልጆች ያወቅነው ፍታቱ ላይ ነው።

ግን ያ ሁሉ ስም የሚኖረው ምድጃ ዳር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ባልና ሚስት ፎቶ ተነሥተው ስማቸው ጎን ለጎን ተጻፈ። አባቴ በአባቱ ስም፣ እናቴ በአባቷ ስም። መዝጋቢው «የባልሽን ስም ላድርገው?» ብሎ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቃት ኖሮ ጥያቄው የሚገባት አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት «የኛነሽ» ስትባል የኖረች ሴት፣ ወረቀት ላይ ያው የአባቷ ልጅ ናት።

ቤተ መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አልወጣም። ጣይቱ ከምኒልክ ጋር ዘውድ ጭነው፣ በራሳቸው ማኅተም ደብዳቤ ሲያትሙ ኖረው፣ እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ጣይቱ ብጡል ብለን ነው። እቴጌ መነንም የአስፋው ልጅ ሆነው ኖሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር ሊያስለምደን ሞክሮ ነበር፤ አልለመድነውም። ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች ትቀጥላለች የሚለውን ግን ሕጉ ሳይጽፈውም እናውቀው ነበር። ከተማችን እንኳ መንቆረር መባሏ ቀርቶ ደብረ ማርቆስ ተብላለች። በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት ሰው ከዚያ በፊት ራስ አዳል ነበሩ። ከተማም ንጉሥም ስም ይለውጣል። ንጉሡ የአባታቸው የተሰማ ልጅ መሆናቸው ግን አልተለወጠም።

በ1998 ዓ.ም. አገባሁ። ባለቤቴ የቢቸና ልጅ ነው፤ ሜሪላንድ ከገባ ቆይቷል፣ ዜግነትም ወስዷል። ሠርጋችንን ደብረ ማርቆስ ደግሰን ተመለሰና ፕሮሰስ ጀመረልኝ። ያኔ ነው ስለ ስም ማሰብ የጀመርኩት። ፎርሙ ላይ «ላስት ኔም» የሚል ሳጥን አለ። እኛ የምንሞላው የአያታችንን ስም ነው፤ ፓስፖርታችንም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእኔ ላስት ኔም አያቴ፣ የባለቤቴ ላስት ኔም የሱ አያት። ጎረቤቱ ሁሉ አስፈራራኝ። «ባልና ሚስት ነን ብላችሁ ስማችሁ ካልገጠመ ኤምባሲው አያምናችሁም» አሉኝ። አንዷ ጓደኛዬማ ፓስፖርትሽን ቶሎ አስለውጭ ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። ውሸት ነበር። ቪዛ የሚመታው ፓስፖርት ላይ ባለው ስም ነው፤ የኛ ፓስፖርት ደግሞ ስላገባሽ ብሎ ስም አይለውጥም። የሚጠይቁት የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ፣ የስልክና የገንዘብ ልውውጥ ማስረጃ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ዳሱ ውስጥ አባቴ ሲመርቀን የተነሣነውን ፎቶ ነበር ረዘም አድርገው ያዩት። ዛሬም እዚሁ ጭንቀት ውስጥ ያሉ ሙሽሮች እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ ይኸንኑ እነግራቸዋለሁ።

በ1999 ዓ.ም. በአያቴ ስም ሜሪላንድ ገባሁ። ሴት ልጄ በ2001 ተወለደች። የሆስፒታሉን ወረቀት የሞላው አባቷ ነው፤ ላስት ኔሟ የሱ ላስት ኔም ሆነ። ማለትም የሱ አያት። አገር ቤት ብትወለድ ከስሟ ቀጥሎ አባቷ፣ ከዚያ የአባቷ አባት ይመጡ ነበር። እኛ ግን አንድ ትውልድ ዘለልን፤ አማቴ፣ ልጁን አሳድጎ የላከው ሰው፣ የልጅ ልጁ ስም ውስጥ የለም። ባለቤቴ ይህን ያስተዋለው ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ነው። ብዙ ሐበሻ ቤት እንዲህ ነው፤ አንድ ጣራ ሥር ሁለትና ሦስት ላስት ኔም አለ። ማንም ግን ከማንም አልተለየም።

ልጄን አዝዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መኮንኑ ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ይዞ አየኝ። ሕፃኗን አየ። ስሞቹን አየ።

«ምንሽ ናት?» አለኝ።

ጡት እያጠባኋት ነበር የተሰለፍኩት። «ልጄ ናት» አልኩት። አባቷስ የት ነው፣ ይዘሻት እንድትሄጂ ፈቅዷል ወይ እያለ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕፃናት እየተሰረቁ የሚያልፉበት በር ላይ የቆመ ሰው ነው፣ መጠየቅ አለበት። አለፍን። ያ «ምንሽ ናት» የሚለው ግን ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ሌላ ቀን ደግሞ የመዋለ ሕፃናቱ ጸሐፊ ስልክ ደውላ በባለቤቴ አያት ስም «ወይዘሮ እገሌ» ስትለኝ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ዘጋሁባት፤ ልጄ ለካ ትኩሳት ይዟት ነበር።

የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ በሦስት ዓመቱ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ተራዬ ሲደርስ ኤን-400 የሚባለውን ፎርም ሞላሁ። እዚያ ላይ ስምዎን መለወጥ ይፈልጋሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሌላ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው ነገር እዚያ በአንድ ምልክት ያልቃል። ፎርሙን የሚሞላልን ሰው «አሳጥሪው፣ ትገላገያለሽ» አለኝ። የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ከሱ ቀጥሎ የባለቤቴን አያት ስም። መካከሉን ባዶ ተውኩት። መካከል ላይ የነበረው አባቴ ነው።

ስም የለወጠ ሰው በዳኛ ፊት ነው የሚምለው። ቀኝ እጄን አንሥቼ ስምል ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ ከኋላ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎን ምሳ በላን። ማታ ሞንትሪያል ለምትኖር አብሮ አደጌ ስነግራት ዝም አለች። ኩቤክ ውስጥ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሴት ስላገባች ስሟ አይለወጥም፤ ሕጉ ራሱ ስትወለድ የወጣላትን ስም ይዛ እንድትቀጥል ያደርጋል። ጃፓን ደግሞ ባልና ሚስት የግድ አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትለውጠው ሚስት ናት። አይስላንዶች እንደኛው በአባታቸው ስም ይጠራሉ፣ ሴቷም አግብታ አትለውጥም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። «አንች ግን ማንም ሳያስገድድሽ!» አለችኝ በመጨረሻ። ትልቁ እውነት እሱ ነበር። ማንም አላስገደደኝም።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ስም መለወጥማ ምን አለበት፣ እኔም ወጥቶልኝ የለ» አለች። ቆይታ ደግሞ፦ «የኔው ግን ቤት ውስጥ ነው የቀረው ልጀ፣ ቀበሌ አልገባም።» ለአባቴ እንዳትነግሪው አልኳት። አልነገረችውም።

የነገረው ባንኩ ነው።

ይህን የሰማሁት በ2010 ጥር፣ ለእኅቴ ሠርግ ስሄድ፣ ከወንድሜ አፍ ነው። በዚያ ጉዞ ቢጫ ካርድ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደውን መታወቂያ፣ ላወጣ አስቤ ወረቀቶቼን ስደረድር፣ የድሮው ፓስፖርቴ ላይ ያለችው ሴትና አሁን ያለችው ሴት አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳውን የፍርድ ቤት ወረቀት ለወንድሜ አሳየሁት። አየው፣ አጠፈው፣ መለሰልኝ። «አባባ ይህን ወረቀት ቢያገኝ ኖሮ ያን ቀን ባላፈረ» አለ።

ከዜግነቱ በኋላ ለፋሲካ ብዬ በላክሁት የመጀመሪያ ገንዘብ ነው የሆነው። አባቴ ከቤታችን ማርቆስ ድረስ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ባንክ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ የሚስጥር ቁጥሩን ሰጠ። ከፋይዋ ልጅ ትሑት ነበረች።

«ላኪ ማን ይባላል አባባ?»

ስሜን ተናገረ፣ የራሱን ስም አስከተለ፣ የአባቱን ስም ጨመረ።

«አይደለም አባባ። ሌላ ነው የሚለው።»

ደግሞ ተናገረ፣ እንዳልሰማችው መስሎት ጮክ ብሎ። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

«የመጀመሪያው ስም ልክ ነው» አለችው። «ቀጥሎ ያለው ግን የእርስዎ ስም አይደለም። ምንዎ ናት?»

«ልጀ ናት» አለ።

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየችው፣ ገንዘቡን ልትሰጠው አልቻለችም። ደንቡ ስለሆነ አልፈርድባትም። ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቴም ያን ቀን ያለ ቡና ነው የተኛችው አለኝ ወንድሜ፤ ያወቀችውን ይዛ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስለ ልጄ የተጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ እኔ ተገላግዬ ለአባቴ አስተላልፌው ነበር። እኔ ሕፃን ታቅፌ ነው የመለስኩት፤ እሱ ግን ያገሩ ሰው ፊት ቆሞ ነው የመለሰው።

ወንድሜ በማግሥቱ ደውሎልኝ ነበር፤ አስታውሳለሁ። «የላኪውን ስም አስተካክለሽ ንገሪኝ» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ሌላ ምንም አላለኝም። ወረቀት ላይ ጽፎ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ወረቀቱን አልተቀበለም። «የልጀን ስም ከወረቀት እያነበብኩ አልናገርም» አለ። ዳዊት ደጋሚ ነው፤ ቃል መያዝ ያውቅበታል። ያን የማያውቀውን ሰው ስም፣ ባለቤቴ እንኳ በዓይኑ ያላየውን የቢቸና ገበሬ ስም፣ ከስሜ ቀጥሎ አድርጎ አጠናው። ከዚያ በኋላ ባንክ በሄደ ቁጥር፣ ወንድሜ አብሮት ሲሄድ ይሰማው ነበር፤ ዳገቱን ሲወጡ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ጸሎት መስሎት ነበር። ስሜን ነው። እንዳይሳሳት እየደጋገመ። ሰባት ዓመት!

ሠርጉ ላይ አባቴ እኅቴን ሲመርቅ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። እሱ ምንም አላለኝም። እኔም ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት «እህል ቅመሽ እንጂ» እያለ ያዘኛል።

እንደተመለስኩ የካውንቲው ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጽፌ ሰረዝኩና «የአባቴ ስም ነው» ብዬ ተውኩት። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ «እና አንቺና እኔ ላንገጥም ነው?» አለችኝ። ቁጭ አድርጌ የጨሞጋን መንገድ ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹ አግኝተው ቢጠይቋት ምን እንደምትል አስጠናኋት። የራሷን፣ የአባቷን፣ የአማቴን። ያንን የተዘለለውን ስም መጥራት ወደደችው፤ እስከ ዛሬ ደብተሮቿ ጀርባ ላይ ትጽፈዋለች። ጉዳዩ በ2011 አለቀ። ስሜ፣ ቀጥሎ የአባቴ ስም። መታወቂያዬን አስለወጥኩ፣ የባንክ ካርዴን አስለወጥኩ። ለአባቴ በስልክ አልነግረውም አልኩ፤ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ እጁ ላይ ላስቀምጥለት ነበር የፈለግሁት።

ለፍልሰታ ገንዘብ ላክሁ፤ እንደ ወትሮው።

ከሥራ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው፣ ከባንኩ በር ላይ። አባባ የላኪውን ስም ሳይሳሳት ተናግሮ፣ አይደለም ተባለ አለኝ። ደግሞ ተናገረ፣ አይደለም ተባለ። የራሱን ስም ለመናገር አልሞከረም። «ቆይ እሱ ያናግርሽ» ብሎ ስልኩን ሰጠው። የመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። አባቴ ስልክ ሲያወራ ሁልጊዜ እንደሚጮኸው አልጮኸም።

«አንች ልጀ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬስ የማን ሆነሽ ነው የላክሽው?»