ሐረርን ቀስ ብለን ልናያት ነው

 

ሩዋንዳ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ከአናታችን በላይ አውሮፕላን መስማት ለምደናል። ወጣቱ ጉዞ ሲባል ትዝ የሚለው ዱባይና ኢስታንቡል ነው። እኛ ግን ከምናቀራቸው ወጣቶች ከአራቱ ጋር ወደ ሐረር ልንሄድ ነው። አንደኛው በቅርቡ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። «ኡስታዝ፣ አገሬን ሳላውቃት ልወጣ ነው» ሲለን ዝም ማለት አልቻልንም።

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርዶ፣ ጁገልን በአንድ ቀን ዞሮ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቶ መመለስ ነበር። ፎቶ ይገኛል፤ ሐረር ግን አትገኝም። ዩኔስኮ ጁገልን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግብ የተቆጠሩት መስጂዶች 82 ናቸው፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። አምስቱን ወቅት ሰላት በየቀኑ በተለያዩ አምስት መስጂዶች ብንሰግድ እንኳ 82ቱን ለማዳረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ሱብሓነላህ!

ስለዚህ ተመካክረን ሰባት ቀን ያዝን። ከፉሪ ለቡ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሚኒባስ ዳገቱን ወደ ሐረር። ለአንድ ቀን አንድ ጉዳይ ብቻ መደብን። አንዱን ቀን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ ከሸዋ በር ጀምረን በእግር እንዞራለን። ሌላውን በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ ለተጻፉት ቁርኣኖችና ኪታቦች ሰጠነው። በመኪና ግርግርም እንቆያለን፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ድምፅ ነው።

በጣም የምንጓጓው ግን ለሐረሪ ቤት ነው። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ «ነደባ» ይባላሉ። ታላቅ የት፣ ታናሽ የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ያስተምራል። በሰርግና በሐዘን የሚደጋገፉበት «አፎቻ» የሚባል ማኅበርም አላቸው። እኛ አፓርታማ ውስጥ የጎረቤታችንን ስም የማናውቅ ሰዎች ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ በችኮላ አይገኝም። ሰው ቤቱን የሚከፍተው ተቀምጦ ለሚያዳምጠው ነው። ስለዚህ ሁለት ከሰዓት ያለ ምንም ዕቅድ ትተናል፤ አንድ አባት ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ቢጋብዙን «እንቸኩላለን» እንዳንል። ሳናስፈቅድም ሰውንም ቤትንም ፎቶ ላናነሳ ተስማምተናል።

የሐረር ልጆች፣ ሳናየው መመለስ የሌለብን ነገር ካለ ንገሩን። አላህ መንገዱን ያግራልን፣ ወንድማችንንም በሄደበት ይጠብቀው። አሚን።