ስለ ቤጎኒያ አበባና ስለ ቆቦ ደረቅ አየር

ከወልድያ ተነሥተን ወደ ሰሜን ስንጓዝ መንገዱ ከደጋው እየወረደ በጎብዬና በሮቢት በኩል አልፎ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከቆቦ ከተማ ያደርሰናል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ቆቦ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ናት። በምዕራብ የላስታና የግዳን ተራሮች፣ በምሥራቅም የዞብል ተራራ ቆመው፣ በመካከላቸው የራያ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በመኸር ጊዜ ማሽላው ሜዳውን ሸፍኖ ሲታይ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ፀሐዩ ይበረታል፣ አየሩም ይደርቃል።

በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ወደዚህ አገር የሚዛወሩ ቤተ ሰቦች አበባ ከነመትከያ ሸክላው ይዘው ቢመጡ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትጐዳው ቤጎኒያ የምትባለው ናት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የቅጠሏ ጠርዝ እሳት እንደ ነካው ወረቀት ሆኖ ይሰባበራል። እመቤቲቱም አፈሩ ውኃ ያነሰው መስሏት ጧትና ማታ ብታጠጣት፣ ሥሯ በጭቃ ውስጥ ይበሰብስና አበባዪቱ ትሞታለች። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት ለአንባቢዎቻችን መግለጥ መልካም መስሎ ታየን።

ቤጎኒያ ስሟን ያገኘችው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሻርል ፕሉሚዬ ከተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ ነው፤ እርሱም የሰየማት ለሹሙ ለሚሼል ቤጎን ክብር ነው። ዓይነቷ ከ2,000 ይበልጣል። አብዛኞቹም ሙቀትና ዝናም በማይለያቸው የአሜሪካ፣ የእስያና የአፍሪካ አገሮች በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅሉ ናቸው። ስለዚህም ሥራቸው ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው።

አየር በሞቀ መጠን ብዙ የውኃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመያዝ ኃይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በሞቀም ጊዜ ተን ካልተጨመረለት ካገኘው እርጥብ ነገር ሁሉ ውኃ ይስባል። ቤጎኒያ የምትወደው አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ተን ከመቶ 50ና ከዚያም በላይ ሲኖረው ነው። ከዚህ እጅግ ሲያንስ ከቅጠሏ የሚወጣውን ውኃ ሥሯ ሊተካው አይችልም።

ማሽላ ግን ሥሩን ከ1 ሜትር በላይ ወደ ታች ይሰዳል፤ ቅጠሉም ሰም የተቀባ ያህል ነው፤ ድርቅ ሲበረታም ይጠቀለላል። የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ እርሻውን ያረሰርሳል፤ አፈሩም ያን እርጥበት ይዞ ማሽላውን ያቈየዋል። ለቤጎኒያ ግን ከአፈሩ ይልቅ በዙሪያዋ ያለውን አየር ማረስረስ ያስፈልጋል።

ለዚህም ብዙ ወጪ የለበትም። የሸክላ እንስራ በላቡ ውኃውን እንደሚያቀዘቅዝ የታወቀ ነው፤ ይኸው ላብ ተን ሆኖ በአጠገቡ ያለውን አየር ያርሳል። እንግዲህ ቤጎኒያን ነፋስ ከማይመታው፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያገኛት ብርሃን ከሚደርሳት ስፍራ፣ ከእንስራው አጠገብ ማኖር ይገባል። ዳግመኛም በሰፊ ሳሕን ጠጠር አድርጎ ውኃ ማፍሰስና ሸክላውን በጠጠሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የሸክላው ቂጥ ግን ውኃውን አይንካ። ቆላው የወባ አገር ስለ ሆነ ትንኝ እንዳይራባበት ይህን ውኃ በየሁለት ቀኑ መለወጥና የተደፋውን ለጓሮ አትክልት ማዋል ያስፈልጋል። በቅጠሏ ላይ ውኃ መርጨት ሻጋታ ያመጣባታልና አይበጅም። አፈሩም ከላይ በጣት ሲነካ ደርቆ ካልተገኘ ውኃ አይጨመርባት።

ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ቅጠል የሆነችው ሬክስ ቤጎኒያ ብዙ እርጥበት ትሻለች። ግንዳቸው እንደ ሸንበቆ የሆነና ቅጠላቸው ሰም የመሰለ ዓይነቶች ግን ደረቅ አየርን ይበልጥ ይችላሉ፤ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቢመርጥ ይሻለዋል። ውኃ በብርቱ ድካም በሚገኝበት አገር አንዲት ጣሳ ውኃ ወዴት እንደምትፈስ ማወቅ ለአበባው ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ጥቅም ነው።