የኡም ጋርጉር ገበያና የምስር ሾርባ

ከመተማ ተነሥቶ ጋላባትን በማለፍ ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ ሰው፥ ተራራው ከኋላው እየራቀ ሲሄድ፥ ዓይን እስከሚደርስበት የተዘረጋ ጥቁር ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ መሬት በክረምት ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጋሬጣ ይሆናል። ለማሽላና ለሰሊጥ ግን እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፥ ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ለመባል በቅታለች።

ኡም ጋርጉር የምትገኘው በዚሁ ግዛት ውስጥ ነው። የተቆረቆረችውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ሲሆን፥ በኤርትራ ከነበረው ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች መጠለያ እንድትሆን ታስባ ነው። ለጊዜው ተብላ የተሠራችው ሰፈር ግን፥ በውስጧ የተወለዱት ልጆች በተራቸው ወልደው እስኪስሙ ድረስ ቆየች።

የስደት ኑሮ የሚጀመረው በራሽን ነው። ራሽን ነፍስን ከሞት ያተርፋልና ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የሚሰፈረው እህል፥ የሚቀዳው ዘይትና የሚመዘነው ምስር ለሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ለባለትዳሮቻችን አንዳንድ ጊዜ የሚያሰለቸው «ዛሬ ምን ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ለራሽን ተቀባይ የለም። ይህ ጥያቄ የቀረበት ሰው ከቤቱ ጌትነት አንዱን ክፍል እንዳጣ የሚገባን፥ ወደ ገበያ ወጥተን ሰዎች ሲመርጡ ስናይ ነው።

ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በአንድ በጋ ወደዚያ በሄድን ጊዜ፥ ይህንኑ በገበያው ተመለከትን። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ መሬት በተነጠፈ ጆንያ ላይ በመደብ በመደብ ተከምሮ ይሸጣል፤ የአገሩ ሰዎች መደቡን «ኮም» ይሉታል። ማሽላና ሰሊጥ የሚሰፈረው በቆርቆሮ «መልዋ» ነው። ገንዘቧ ትንሽ የሆነች ሴት አንድ ኮም ሽንኩርት፥ አንድ እፍኝ ምስርና ሁለት ሎሚ ለመግዛት ገበያውን ሁለት ጊዜ ስትዞር አይተን፥ ሥራ ፈትታ የምትዞር ሊመስለን ይችል ነበር። እርሷ ግን ትዳሯን ታስተዳድር ነበር። ሽንኩርቱን አንገቱ ላይ ትጫነዋለች፤ ከለሰለሰ ትመልሰዋለች። የባምያውን ጫፍ ትሰብራለች፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አርጅቷልና አትገዛውም። ምስሩን በመዳፏ ዘርግታ ጠጠርና ነቀዝ ትፈልጋለች። ቀን ሲመሽ ነጋዴው የተረፈውን ቲማቲም ይዞ ከመመለስ ዋጋ መቀነሱን እንደሚመርጥም ታውቃለች።

በዚያ አገር አትክልት ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች አንዱ የአትባራ ወንዝ ዳርቻ ነው። ይህ ወንዝ ከእኛው ከጎንደር ተራሮች የሚነሣ ሲሆን፥ በዚያ ሰቲት የሚባለውን ተከዜንም ይቀበላል። ስለዚህ በሱዳን ቆላ የሚበላው ሽንኩርት የእኛን ደጋ ዝናብ ጠጥቶ ያደገ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። በዚያ ቤት ለቤት ከሚሠራው ምግብ ለጀማሪ የሚቀልለው የቀይ ክክ ምስር ሾርባ ነው። አንድ ብርጭቆ ምስር ለቅሞ በሦስት ውኃ ማጠብ፤ አንድ የተከተፈ ሽንኩርት፥ ሁለት ካሮትና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ በአምስት ብርጭቆ ውኃ መጣድ ነው። አረፋው ሲነሣ በማንኪያ ይገፈፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ፥ ሱዳኖች «ሙፍራካ» በሚሉት የእንጨት ማማሰያ ይደቆሳል። በመጨረሻ ጨው፥ የተፈጨ ከሙንና አንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ገብቶበት፥ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በምስር ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ይረዳል። በአንጻሩ ሻይን ከምግቡ ጋር መጠጣት ይህንኑ ጥቅም ስለሚቀንስ፥ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

ሾርባው እንዲወፍር የሚሹ ደግሞ አንድ ቁንጥር ወይካ፥ ማለት ደርቆ የተወቀጠ ባምያ፥ ይነሰንሱበታል። ከማሽላ ሊጥ ከተጋገረ ስስ ኪስራ ጋር ሲቀርብ፥ እንጀራ የለመደ ሰው ባዕድነት አይሰማውም። ፉል በከሰል ላይ ብዙ ሰዓት ሲፈጅ፥ ክክ ምስር ግን ቶሎ ስለሚበስል፥ ማገዶ በጠፋበት አገር ይህም ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለሴቶች ብቻ አይደለም። በየክረምቱ ከአርማጭሆ፥ ከቋራና ከመተማ ብዙ ጎልማሶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደዚያው ቆላ ይሻገሩ ነበር። ብዙዎቹ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ተብለው ያደጉ ስለ ነበሩ፥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያገኙትን ምንዳ ማታ ለምግብ ቤት ይከፍሉታል። ከእነዚህ አንዱ፥ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ድስት በማኅበር ገዝቶ ምስር መቀቀል ከጀመረ ወዲህ፥ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ እንደ ተረፈው አጫውቶናል። በመጀመሪያ ያፍር የነበረው ድስት መጣዱን ሳይሆን፥ ዘንቢል አንጠልጥሎ መታየቱን ነበር። ኋላ ግን ሽንኩርት በመምረጥ ከጓደኞቹ የሚስተካከለው ጠፋ፤ ገበያ መውጣትም ከሥራ በኋላ የሚናፍቀው መዝናኛ ሆነለት።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ አምጥቷል፤ የእህልም ዋጋ ንሯል። በሰላም ጊዜ ሌሎችን ያስጠጋ አገሬ ራሱ ተጠጊ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ የድስት ነገር ማንሣት ቀላል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ነገር በሌሎች እጅ በተወሰነበት ኑሮ፥ ሰው በራሱ እጅ መርጦ፥ በራሱ እሳት አብስሎ፥ «ኑ፥ ብሉ» ብሎ ጎረቤቱን መጥራት ከቻለ፥ ቤቱ ገና አልፈረሰም ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ ሰላም ያለው ገበያ በደጃችሁ ሳለ ዘንቢል መያዝን እንደ ሸክም አትቁጠሩት። ወንድ ልጆቻችሁንም ከእናንተ ጋር ወስዳችሁ የደረቀውን ሽንኩርት ከለሰለሰው መለየት አስተምሯቸው። ነገ በየትኛው አገር እንደሚያድሩ አይታወቅምና፥ ይህ ዕውቀት ከማይከብዱት ስንቆች አንዱ ነው።