ጥንድ ለጥንድ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ብርዷ አይጣል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በአረቄዋ ስሟ ቢገን አይገርምም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጣሪያ ሥር ይገባል፤ ሽማግሌው ወደ ቤቱ፣ ወጣቱ ወደ ፑል ቤት።

እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ልጄን ልጠይቅ የሄድኩ ቅዳሜ፣ “አባዬ፣ ና የምንጫወትበትን ቤት ላሳይህ” አለኝ። ፑል ቤት ሲባል የብዙዎቻችን የወላጆች ፊት ይጠቁራል። ለምን አይጠቁር? የጠረጴዛውን ሂሳብ የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፤ በተከታታይ የተሸነፈ ልጅ የምሳውን ገንዘብ እዚያው ትቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ከረንቡላ እንጂ ፑል አልነካሁም።

የልጄ ጓደኞች የሚጫወቱት ሁለት ለሁለት፣ በተራ እየመቱ ነው። ጓደኛህ ኳስ ካስገባ ቀጣዩን የምትመታው አንተ ነህ፤ አንተ ካስገባህ እሱ። የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አከታትሎ አይመታም። ከሳታችሁ ተራው ለተጋጣሚ ያልፋል፤ ሲመለስላችሁም መጨረሻ ላይ ያልመታው ይጀምራል። ያለ ተራው የመታ ፋውል ሠራ ይባላል። በዓለም አቀፉ ደንብ ያን ጊዜ ተጋጣሚው ነጯን ኳስ አንስቶ የወደደው ቦታ አስቀምጦ ይመታል፤ ሁለት ምት የሚሰጥበትም ቤት ስላለ ሳይጀመር መስማማት ጠብ ያድናል። ጓደኛ ለመምታት ካጎነበሰ በኋላ ምክር መስጠት ይፈቀድ እንደሆነም እንዲሁ። በዓለም የፑል ዋንጫ የየአገሩ ጥንዶች የሚጋጠሙት በዚሁ በተራ መምታት ነው።

አንዱ እስኪስት ብቻውን የሚመታበት የጥንድ ጨዋታም አለ። እዚያ ደካማው ስቴካውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በተራ ሲሆን ግን ኳስ ማስገባት ብቻ አይበቃም። ነጯ የት ትቆማለች? ከእኔ ቀጥሎ የሚመታው ይደርስባታል ወይ? ብሎ ማሰብ ግድ ነው።

አንድ ሰው ጎድሏቸው ስለነበር ከልጄ ጋር ተጣመርኩ። እሱ ረጅም ነው፤ የኔ ወገብ እንደ ልብ አይታጠፍም። በሁለተኛው ጨዋታ ቀዳዳው አፍ ላይ የቆመች ቀላል ኳስ እያለችው ትቷት ከባዱን መታ። ለምን? አልኩት።

“እሷን ብመታ ነጯ መሐል ጠረጴዛ ላይ ነው የምትቀርልህ። ተዘርግተህ ስትመታ ወገብህን ያምሃል።”

ተጋጣሚዎቻችን ሲመቱ፣ የስቴካውን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና እንዳልሆነለትና ትምህርቱን ለማቋረጥ እያሰበ እንደሆነ ነገረኝ። ለእናቱ አልነገራትም። በስልክ “ደህና ነኝ” ብቻ ሲል የከረመ ልጅ ነው። ወዲያው አልመለስኩለትም፤ ተራዬ ደርሶ ነበር። ማታ እራት ላይ ግን ረጅም ሰዓት አወራን።

በማግስቱ አብረን አንኮበር ሄድን፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ቆላው ቁልቁል ማየት ያዞራል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ካፖርት እንዳይረሳ እመክራለሁ።

ስንመለስ ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ሸራ ሥር የተተከለ የፑል ጠረጴዛ አየን። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ሁለቱ እግሮቹ በድንጋይ ተደግፈዋል፤ ያም ሆኖ ኳሱ ሁሉ ወደ ታች ያደላል። ሁለት ጎረምሶች፣ “ጋሼ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመቱ ቀስ ይበሉ” ብለው አስጠንቅቀውን ገጠምናቸው። ተዳፋቱን እንደ ደጃቸው ያውቁታል፤ እኛ ሦስት ኳስ ሳናስገባ ጥቁሯን ጨርሰው አወጧት።

ሂሳቡን ከፈልኩ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ፤ እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅሁት።