ነፍስ እየጣፈጠች

«ነፍስ ትጣፍጣለች» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉ የፈላስፋ ምስክር አያስፈልገውም። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ቀኑን ሙሉ «ምነው ጌታዬ ረሳኸኝ፣ በቃህ በለኝ» ሲሉ ይውላሉ። ሌሊት ሳል ሲያጣድፋቸው ግን «ኧረ ሐኪም ቤት አድርሱኝ!» ብለው ቤተሰቡን የሚቀሰቅሱት እሳቸው ናቸው። ኑሮ የመረረው የቀን ሠራተኛም ቢሆን መንገድ ሲያቋርጥ ግራ ቀኙን ያያል። ሰው ሕይወቱን ይወዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ጦርነት የሚሠራው ይኸው ነፍሱን የሚወድ ፍጡር ነው። ግራ ቀኙን አይቶ መንገድ የሚያቋርጠው ጎረምሳ፣ ክተት ሲባል ፈንጂ በተዘራበት ሜዳ ላይ ይሮጣል። ልጄን ትኩሳት ነካው ብላ ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗን ያልከደነች እናት በሶና ቆሎ ቋጥራ ትሸኘዋለች። እንዴት ነው ነገሩ?

ጥያቄው የሊቃውንትንም እንቅልፍ ነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1932 አልበርት አንስታይን ለሲግመንድ ፍሮይድ ደብዳቤ ጻፈ። የጋበዘው በመንግሥታቱ ማኅበር ሥር የነበረ የምሁራን ትብብር ተቋም ነበር። ደብዳቤው በአጭሩ ሰውን ከጦርነት የሚያድን መንገድ አለ ወይ የሚል ነው። ፍሮይድም ሲመልስ፣ በሰው ውስጥ ሁለት ግፊቶች አሉ አለ፤ አንዱ ያዋድዳል፣ ሌላው ያፈርሳል። የሚያፈርሰውን ነቅሎ መጣል አይቻልም፤ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር ነገር ሁሉ ግን የጦርነት ተቃራኒ ነው። ደብዳቤዎቹ በታተሙበት በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ሁለቱም ሊቃውንት ተራ በተራ ከሚኖሩበት አገር ተሰደዱ። የመንግሥታቱ ማኅበርም ኢትዮጵያ ስትወረር ምን እንደፈየደ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው ካሰሙት አቤቱታ ጀምሮ እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም ሊነግረን አያሻም።

ፍሮይድን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መልሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይጥለኛል። የሚያፈርሰው ግፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ያስወረውራል፤ በድንበር ማሳ ዱላ ያማዝዛል። ጦርነት ግን የንዴት ሥራ አይደለም። በጀት አለው፤ የስንቅ ዝርዝር፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የነዳጅ ኩፖን አለው። ንዴት እንዲህ ተደራጅቶ ሁለት ዓመት አይቆይም። ደግሞም ጦርነት ሁሉ አንድ አይደለም። ወራሪ በር ሰብሮ ሲገባ የሚነሣ ሰው ሕይወትን ስለናቀ አይደለም የሚነሣው፤ ተዋርዶ መኖርን ኑሮ ብሎ ለመጥራት አፉ እምቢ ስለሚለው ነው። የአምስቱ ዘመን አርበኞች ጣሊያንን ሲፋለሙ ነፍስ አልጣፈጠቻቸውም ነበር የሚል ቢኖር አላውቃቸውም ማለት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላው ዓይነት ነው፤ ማንም ለምን እንደተጀመረ በቅጡ ሳይናገር የሚጀመረውና ማንም ማቆም የሚያቅተው።

ባድመን እንውሰድ። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. በፊት ባድመን ካርታ ላይ በጣቱ የሚያሳይ ሰው አዲስ አበባም ሆነ አስመራ ብዙ አልነበረም። ወርቅ የላት፣ ነዳጅ የላት፣ ቆላ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የድንበር ከተማ ናት። ከጀርባ የገንዘብ፣ የንግድና የወደብ ጣጣ ነበረ፤ ጠቡ ስም ሲያስፈልገው ግን ባድመ ተባለ። የውጭ አገር ጋዜጠኞች «ሁለት መላጦች በማበጠሪያ ተጣሉ» የምትለዋን የቆየች ቀልድ እያነሡ ተሳለቁብን። ቀልዷ ታስቃለች፤ ማበጠሪያው ርካሽ የነበረው ግን የመጀመሪያው ቀን ብቻ መሆኑን ትዘነጋለች። አሥር ልጅ ሞተበት እንበል፤ በማግሥቱ የአሥር ልጅ ዋጋ ያለው ማበጠሪያ ይሆናል። ሺህ ሲሞትበት ደግሞ እንኳን ሊጥሉት፣ ስሙን ሲጠሩም ቆብ ያወልቁለታል።

ውጊያው ሰኔ 1992 ዓ.ም. ሲገታ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከሁለቱም ወገን 70 ሺህ ያህል ሰው አልቋል ይላል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን አሳወቀ፤ በውሳኔው መሠረት ባድመ ለኤርትራ ሆነች። ኢትዮጵያ ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ጦርነቱ ሲቆም እናታቸው ጀርባ ላይ የነበሩ ሕፃናት ዝናር ታጥቀው ያንኑ ምሽግ ጠበቁ። ለዚህ ፖለቲከኞች የየራሳቸው ስሌት ነበራቸው። ስሌቱ የቆመው ግን በኛው ላይ ነው። «ያን ያህል ልጅ የሞተበትን መሬት እንዴት…» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ሊሟገተው የደፈረ ሰው ጥቂት ነበር።

በሰፈራችን አንድ ልጃቸው በዚያ ጦርነት የቀረ እናት አሉ። የግንቦቱ ዜና የተሰማ ዕለት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ ልጄ። እኔ መሬቱን ምን አደርገዋለሁ? አላርሰው፣ አልዘራበት። ግን ይውሰዱት ከተባለ፣ የኔ ልጅ ምን ሆኖ ሞተ ሊባል ነው?»

«ለአገሩ ነዋ፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሱንማ ያኔም ነግረውኛል» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

ሐምሌ ላይ የአስመራ በረራ ሲከፈት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሃያ ዓመት የተለያየ ቤተሰብ እየተላቀሰ ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን አዩ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ይኸው ነው? ያኔስ ምን ከለከላቸው?» አሉ።

የእማማ የመጀመሪያው ጥያቄ ጦርነትን ያስቀጥላል፤ ሁለተኛው ያስቆማል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ አንጀት ነው። ችግሩ ሹማምንት የሚሰሙት ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መሆኑ ነው። የሞተው ልጅ ሞቱ ከንቱ እንዳይሆን ሌላ ይጨመራል፤ የሁለተኛው ከንቱ እንዳይሆን ሦስተኛው። ቁማርተኛም «የተበላሁትን ላስመልስ» እያለ ነው ቤቱን የሚያስይዘው። ቁማርተኛው ቢያንስ የሚያስይዘው የራሱን ቤት ነው።

እኛም ለዚህ የሚሆን ሥነ ቃል አላጣንም። ፉከራችን የሚሄደውን ያሞቃል፤ ሙሿችን የማይመለሰውን ያለቅሳል። ፉከራው በራዲዮ ይለቀቃል፤ ሙሾው ድንኳን ውስጥ ይቀራል። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ ለስድብ የተባለ ነው። እናቶችን ጠይቆ የተባለ ግን አይመስለኝም።

በ1991 ዓ.ም.፣ ያ ጦርነት እየተካሄደ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆሜርን «ኢሊያድ» አስተምር ነበር። የመጽሐፉ መጨረሻ የድል ብሥራት አይደለም። የትሮይ ሽማግሌ ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። ልጁን ሄክቶርን የገደለውን የአኪለስን እጅ ይስምና ሬሳውን እንዲሰጠው ይለምናል። አኪለስ የገዛ አባቱ ትዝ ይለዋል፤ ገዳይና የሟች አባት አብረው ያለቅሳሉ። ከዚያ አኪለስ ለቀብሩ ስንት ቀን እንደሚበቃ ይጠይቃል። ሽማግሌው ይቆጥራል፤ 9 ቀን ለለቅሶ፣ በ10ኛው ቀብር፣ በ11ኛው መቃብሩን ማቆም፣ በ12ኛው ደግሞ ግድ ከሆነ መዋጋት።

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ታላቅ ወንድሙ ግንባር መሆኑን ጓደኞቹ ያውቁ ነበር። «መምህር፣ አብረው ካለቀሱ በኋላ 12ኛው ቀን ለምን አስፈለገ?»

ሆሜር አይመልስም። እኔ ግን ዛሬ ብጠየቅ፣ ለቅሶው ሬሳውን አስቀበረ እንጂ ደሙን አላደረቀም እላለሁ።

ደም ማድረቅ የገጠር ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ሙያ ነው። አማራው ደም አድራቂ ይላቸዋል፤ ኦሮሞው ጉማ አለው፤ ራያና አፋር በድንበር ሲጋደሉ የሚያስታርቋቸው አቦ ገረብ አሉ። ካሳው የሟች ዋጋ ነው የሚል ሞኝ ሽማግሌ የለም። ዋናው ሥራ የሟችን ወንድም ክብር መጠበቅ ነው። ወንድምየው መሣሪያውን ቢያስቀምጥ «ደሙን ሸጠ» ይሉኛል ብሎ ይፈራል። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሼሁ በአደባባይ ተሰብስበው ሲለምኑት፣ ገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ሲወድቅለት፣ ሟች እንደተከበረ አገር ያያል። ያን ጊዜ ሳያፍር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፤ የደረቀ ደም ተመልሶ የሚረጥብበት ጊዜ አለ። ቢሆንም እነዚህ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ሰውን የሚያዋጋው ለሞተበት ሰው ያለው ፍቅር ነው፤ ለዚያ ፍቅር ከመግደል ሌላ መውጫ ካልተሠራለት አይበርድም።

መንግሥታት ይህን መውጫ መሥራት አልሆነላቸውም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ፕሪቶሪያ ላይ እንዲቆም የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። የሟቾቹ ግምት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ውጊያ ተቀጣጠለ። መሣሪያ ዝም ማሰኘት በፊርማ ይቻል ይሆናል። በየቤቱ ግን «የኔ ልጅ ምን ሆኖ ሞተ?» የሚል ሰው ቁጭ ብሏል፤ እሱን ያልለመነ ሰላም፣ እንደ ፕሪያም 11 ቀን ቆጥሮ 12ኛውን የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሞቅ ባለ ድምፅ «የወገኖቻችን ደም በከንቱ ፈሶ አይቀርም» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ፣ አይቆጡት፤ ምናልባት እውነተኛ ሐዘን ይዞ ይሆናል። ስንት ልጅ ሲጨመርበት ነው ከንቱ መሆኑ የሚቀረው ብለው ብቻ ይጠይቁት። ቁጥር ይንገርዎ። ቁጥሩን ከነገረዎ ደግሞ ቆጠራው ከማን ቤት እንደሚጀመር ይጠይቁት።