«ቁልፉ ሞልቷል» ለሚል ዳታቤዝ ሜሞሪ ብቻ አይበቃም

ለዓመታት የተጠራቀመ የደንበኞች መዝገብ ወደ አዲስ ሲስተም የሚዛወረው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። ማይኤስኪውኤል ግን መሐል ላይ ስህተት 1206 ብሎ ይቆማል፦ የቁልፎቹ ብዛት ከተመደበላቸው ቦታ በልጧል። ባለሙያው ዲስኩን ለማየት ይሮጣል። ዲስኩ ምን አደረገ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዙ የሚቀይረውን ረድፍ ሌላ እንዳይነካው ይቆልፈዋል፤ ትራንዛክሽኑ ኮሚት እስኪሆን አይለቀውም። በአንድ ትእዛዝ ከሰንጠረዥ ወደ ሰንጠረዥ ሲገለበጥ ደግሞ፣ በተለመደው አሠራር የሚነበቡት ረድፎችም ይቆለፋሉ። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ቁልፎቹ የሚቀመጡት በፈር ፑል በሚባለው ሜሞሪ ውስጥ ሲሆን፣ ካልነኩት መጠኑ 128 ሜጋባይት ነው። (ፖስትግሬስ የረድፍ ቁልፍን በሜሞሪ ስለማያከማች ይህ ጣጣ የለበትም፤ የእሱ ራስ ምታት ሌላ ነው።)

ፈጣኑ መፍትሔ በፈር ፑሉን ማሳደግ ነው፤ ከ5.7 ወዲህ ሰርቨሩን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም። ግን መዝገቡ በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ሲሆንስ? ሥራውን አሥር አሥር ሺህ ረድፍ እያደረጉ ከፍሎ በየክፍሉ ኮሚት ማድረግ ይሻላል።

ይህም ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ትልቅ ትራንዛክሽን ቢወድቅ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ነበር፤ ተከፋፍሎ ሲወድቅ ግን ግማሹ ገብቶ ግማሹ ይቀራል። ሂሳቡን የከፈለ ሰው ጠዋት መስኮት ላይ «ዕዳ አለብዎት» ይባላል። ስለዚህ ጭነቱ መጀመሪያ ለብቻው ወደተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይግባ፤ የመጨረሻው የገባ መለያ ቁጥር ይመዝገብ፤ የረድፉ ብዛትና የብሩ ድምር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ከዚያ በኋላ ስም ቀይሮ ዋናውን መተካት አንድ ትእዛዝ ነው።